የዳኛው ደመወዝ የባለጉዳዩ ዋስትና ነው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን ይህን አባባል የአንዳንድ ሆዳም ሰዎች ጠባይ መግለጫ አድርገን ስቀንበት እናልፋለን። በጥሞና ሲመረመር ግን አባባሉ የአንድን ሥርዓት የአከፋፈል ሕግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ ያስቀመጠ የታሪክ ምስክር ነው። ሹመት ደመወዝ ባልነበረው ዘመን ሹመቱ ራሱ ደመወዝ ነበር። ሹመኛው የሚበላው ከግምጃ ቤት ሳይሆን ከሚያስተዳድረው ሕዝብ ማጀት ነበር። ዳኛም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልነበረም።

ስለ ዳኞች ደመወዝ ሲነሣ ሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ «ይህ የዳኞች የግል ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ዳኛ ከማን እጅ ይበላል? ምን ያህል እንደሚከፈለው የሚወስነው ማን ነው? ክፍያውን ሊያቋርጥበት የሚችለውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ባዶ እጁን ፍርድ ቤት የሚቆመውን ድኻ ባለጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በቀድሞው በጌምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር የነበረውን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አካባቢ ገበሬው ከአባት ከእናቱ በወረደ ርስት ላይ ቢያርስም በርስቱ ላይ ደግሞ ባለጉልት ነበረበት። ባለጉልቱ ግብር መቀበል ብቻ ሳይሆን በጉልቱ ላይ የሚኖረውን ሰው የመዳኘት መብትም ነበረው። ራሱ ባይመች ምስለኔው ይቀመጥለታል። ከመቀጮውና ከዳኝነቱ የሚገኘው ጥቅም እንደ ግብሩ ሁሉ የባለጉልቱ ገቢ ነበር። ገበሬው በግብሩ መጠን ላይ ቅሬታ ቢያድርበት አቤት የሚለው ግብሩን ወደሚበላው ሰው ነበር ማለት ነው።

የክርክሩም ሥርዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሁለት ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው «በማር»፣ «በበቅሎ»፣ «በፈረስ» እያሉ ይወራረዱ ነበር። በነገሩ የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባል። ሙግቱ በረዘመና ውርርዱ በበዛ ቁጥር ወደ ዳኛው ቤት የሚገባው ማር ይበዛል። እንዲህ ባለው አሠራር የጠብ መብረድ ለዳኛው ኪሳራ፣ የጠብ መክረር ደግሞ ትርፍ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ዳኛው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ደግ ሰው ቢቀመጥበትም አከፋፈሉ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል።

እርግጥ ነው፣ ሕዝባችን ከዚህ የተለየ የዳኝነት ባህልም ነበረው። «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የተጠራ መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ የሁለት ጠበኞችን ነገር ሲሰማ፣ የአገር ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያስታርቅ የኖረው ደመወዝ ተቆርጦለት አይደለም። ይህ ባህል የሚከበርና የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑን መዘንጋት አይገባም። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲቀርቡለት ነው። አንደኛው ወገን ባለጉልት፣ ሀብታም ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ «አልቀርብም» ያለ እንደሆነ ሽማግሌው የሚያስገድድበት ኃይል የለውም። የጉልበተኛውን እጅ ሊይዝ የሚችለው በሕግ የቆመ ዳኛ ብቻ ነው። በሕግ የሚቆም ዳኛ ደግሞ በሕግ የሚተዳደርበት ሊኖረው ግድ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ። የዳኝነት ሥራም ከግለሰብ መብትነት ወደ መንግሥት ተግባርነት መሸጋገር ጀመረ። ይህ ወደፊት የተራመደ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ጠቅላይ ግዛቱን የሚገዛው ሹም የጠቅላይ ግዛቱን ፍርድ ቤት በሰብሳቢነት ይመራ ስለነበር አስተዳዳሪውና ዳኛው በአንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቆዩ። የክፍያው ምንጭ ተለወጠ፤ ዳኛውና አስተዳዳሪው ግን አልተለያዩም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ከታወጀ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ በየከተማው ነዋሪዎች ማኅበር የፍርድ ሸንጎዎች ተቋቋሙ። ባለጉልት በጭሰኛውና በገባሩ ላይ የሚፈርድበት ዘመን አበቃ። ገበሬው ከእርሻው ተነሥቶ ጎረቤቱን የሚዳኝበት አሠራር ለብዙ ሰው ፍርድን ከደጁ ድረስ አቀረበለት። ቢሆንም የዚያ ዘመን ተሞክሮ አንድ ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ዳኛ ሁሉ ነጻ ዳኛ ነው ማለት አይቻልም። መሬት የሚያከፋፍለውም፣ በመሬት ክርክር የሚፈርደውም የአንዱ ማኅበር አካል በሆነበት ቦታ በክፍፍሉ የተበደለው ገበሬ ይግባኙን ለአከፋፋዩ ወንድም ማቅረቡ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ዳኛ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው?» በሚለው ላይ አያበቃም። ቁም ነገሩ ዳኛው የሚኖርበትን ነገር የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳልነበረ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። በፈረንሳይ አገር በነገሥታቱ ዘመን ተሟጋቾች ለዳኞች የሚከፍሉት ገንዘብ «ቅመም» ይባል ነበር። መጀመሪያ ላይ ለዳኛው በስጦታ መልክ የሚቀርብ ቅመማ ቅመምና ጣፋጭ ነበረ። ቀስ በቀስ ግን በገንዘብ የሚተመን ግዴታ ሆነ። የዳኝነት ወንበሩም በገንዘብ የሚገዛና የሚወረስ ንብረት ነበር። እኛ ዘንድ ማር፣ እነርሱ ዘንድ ቅመም መሆኑ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የፈረንሳይ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1789 ሲነሣ ብሔራዊ ጉባኤው በነሐሴ ወር ከሻራቸው የባላባት መብቶች ጋር የዳኝነት ወንበር ሽያጭን አብሮ ሻረ፤ ፍርድም ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ወሰነ።

እንግሊዞች የተጋፈጡት ሌላ ዓይነት ችግር ነበር። ዳኞቻቸው ከንጉሡ ይከፈላቸዋል፤ ንጉሡም ያልወደደውን ፍርድ የሰጠ ዳኛ ያሰናብታል። እ.ኤ.አ. በ1701 የወጣው ሕግ ዳኛ መልካም ጠባይ እስካሳየ ድረስ ከወንበሩ እንዳይነሣ፣ ደመወዙም ተለይቶ የተወሰነ እንዲሆን አዘዘ። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ በንጉሡ ላይ ከደረደሯቸው ክሶች አንዱ ዳኞችን በሥራ ዘመናቸውና በደመወዛቸው መጠንና አከፋፈል የፈቃዱ ጥገኛ አድርጓቸዋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1787 ባረቀቁት ሕገ መንግሥትም የፌዴራል ዳኛ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ደመወዙ እንዳይቀነስ ደነገጉ። መቀነስን ሲከለክሉ መጨመርን ግን አልከለከሉም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የገንዘብ አቅም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ዛሬ በቂ የሆነ ደመወዝ ከዓመታት በኋላ የችግር ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

በካናዳ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የበጀት ጉድለታቸውን ለመሙላት የዳኞችን ደመወዝ በቀነሱ ጊዜ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰጠው ውሳኔ የዳኞች ደመወዝ ከመለወጡ በፊት ነገሩን የሚመረምር ነጻ ኮሚሽን መኖር አለበት አለ። መንግሥት የኮሚሽኑን ሐሳብ ላለመቀበል ቢመርጥ ምክንያቱን በይፋ እንዲያስረዳ ግዴታ ተጣለበት። በዚህ አሠራር ዳኞች ከመንግሥት ጋር በደመወዝ አይከራከሩም፤ መንግሥትም በደመወዝ አሳቦ ዳኛን አያስፈራራም። በአፍሪካችንም የኬንያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው ሕገ መንግሥት የዳኞች ክፍያ እነርሱን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥ ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቃቸው የዳኝነት ነጻነት መሠረታዊ መርሖችም የዳኞች የሥራ ዘመን፣ በቂ ክፍያና ጡረታ በሕግ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ።

እንግዲህ የዓለም ተሞክሮ ሲጨመቅ አራት ዓይነት አሠራር ይታያል። አንደኛው ተሟጋቹ ለዳኛው የሚከፍልበት ነው፤ ይህ ፍርድን ሸቀጥ ያደርጋል። ሁለተኛው አስተዳዳሪው እንደ ወደደ የሚከፍልበት ነው፤ ይህ ዳኛን አሽከር ያደርጋል። ሦስተኛው የሕዝብ ምክር ቤት በሕግ የሚወስንበት ነው፤ ይህ ዳኛን ከአስተዳዳሪው እጅ ያወጣል። አራተኛው ምክር ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ነጻ የሆነ አካል መርምሮ በይፋ ሐሳብ የሚያቀርብበት ነው፤ ይህ ደግሞ የምክር ቤቱን ውሳኔ ከስውር ግፊት ይጠብቃል።

የእኛስ አገር በየትኛው ላይ ይገኛል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ እንደማይመራ በአንቀጽ 79 ይደነግጋል። ዳኛ ከሥራው የሚነሣባቸውንም ምክንያቶች ይወስናል። ያው አንቀጽ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የዳኝነት አካል በጀት ራሱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንዲያስወስን ያዛል። በጀቱን የሚያስተዳድረውም ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ይህ ከሦስተኛው ዓይነት አሠራር የሚመደብ መልካም መሠረት ነው። የዳኛ ደመወዝ በሥራ ዘመኑ አይቀነስም የሚል ግልጽ ቃል ግን በአንቀጹ ውስጥ አይገኝም።

የክልሎችን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በጀታቸውን የየክልሉ ምክር ቤት እንዲመድብ ያደርጋል። የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችን ደርበው ለሚያዩበት ሥራም የፌዴራሉ ምክር ቤት የበጀት ማካካሻ እንዲሰጥ ያዛል። እዚህ ላይ አንባቢያችን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ማካካሻው የተጠቀሰው ለጠቅላይና ለከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ነው። በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና በደብረ ታቦር ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ ውስጥ ሲገቡ በስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በወገዳ ያለው የወረዳ ፍርድ ቤት ግን አይገባም። የገበሬው የድንበር ክርክር፣ የባልቴቷ የውርስ ጉዳይ፣ የልጆች ቀለብ መጀመሪያ የሚታየው ግን በዚያው በወረዳው ነው። ሕዝቡ በብዛት የሚቆምበት ደጅ የበጀት ዋስትናው ከሁሉ የሳሳበት ደጅ ሆኗል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት የስማዳ ሴት ባሏ ሞቶባት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ ላይ የሰፈረው መሬት ለሌላ ሰው ተላልፎ አገኘችው እንበል። ተከሳሹ የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ሴትዮዋ ጠበቃ የላትም። ስንቋን ቋጥራ፣ ቆላና ደጋውን አቆራርጣ ወገዳ ደርሳለች። ከፊቷ የተቀመጠው ዳኛ ደመወዙ በጊዜው እንዲደርሰው፣ የቤት ኪራዩ እንዲሸፈንለት፣ ሌላው ቢቀር የመዝገብ ወረቀት እንዲቀርብለት የዚያኑ የወረዳ አስተዳደር ደጅ መጥናት የሚኖርበት ቢሆን ይህች ሴት ምን ተስፋ አላት? ዳኛው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። እውነትን ይዞ በአስተዳደሩ ላይ ሊፈርድም ይችላል። ነገር ግን ሐቀኝነቱን በየወሩ በልጆቹ ጉርሻ እንዲያስይዝ የሚጠይቅ አሠራር ትክክለኛ አሠራር አይደለም። «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ተብሎ እንዳይወቀስ የሚሠጋ ዳኛ ከተከራካሪው ወጭት መብላት የለበትም።

እዚህ ላይ ከሠራተኛው ወገን የሚነሣ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። «መምህሩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም ኑሮ ከብዶታል። ዳኛው ከእነርሱ በምን በልጦ የተለየ ዋስትና ይሰጠዋል?» ይህን ጥያቄ ሸሽቶ ማለፍ አይቻልም። መልሱ ዳኛው ከመምህሩ የበለጠ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሥራውም ከነርሷ ሥራ የከበረ ስለሆነ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው። ደመወዝ ከፋዩ መንግሥት ዘወትር ተከራካሪ ሆኖ የሚቀርበው ዳኛው ፊት ነው። መምህሩ ራሱ ያላግባብ ከሥራ ቢባረር፣ ሠራተኛው ካሣው ቢከለከል አቤት የሚለው ወደ ዳኛ ነው። ስለዚህ የዳኛው ደመወዝ ዋስትና ማግኘት የሌሎችን መብት አይሻማም፤ የሌሎች መብት የሚጠበቅበት አጥር ነው።

ሌላም ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ከፍ ያለ ደመወዝ ብቻውን ሐቀኛ ዳኛ አይፈጥርም። ጠግቦም የሚሰርቅ አለ፤ ተርቦም የማያጎነብስ አለ። በተለይ ከደመወዙ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በአስተዳዳሪ በጎ ፈቃድ የሚታደል ጥቅማ ጥቅም ነው። ለአንዱ ዳኛ ቤት፣ ለሌላው የቤት መሥሪያ ቦታ፣ ለሦስተኛው መኪና እየተባለ ያለ ደንብ የሚሰጥ ከሆነ ጉልቱ ስሙን ቀይሮ ተመልሷል ማለት ነው። በሕግ የተጻፈ መጠነኛ ደመወዝ በፈቃድ ከሚሰጥ ትልቅ ስጦታ ይበልጣል። የመጀመሪያው መብት ነው፤ ሁለተኛው ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ብድር መላሽ ይፈልጋል።

የኑሮ ውድነትም በዚህ ጉዳይ የራሱ ድርሻ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እስከዚያ ቀን ድረስ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። እንዲህ ባለው ጊዜ የማንም ደመወዝ በወረቀት ላይ ሳይነካ በገበያ ላይ ሊሸረፍ ይችላል። «አልቀነስንም» ማለት ብቻውን በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው። የዳኛው ክፍያ በተወሰነ ጊዜ እንዲመረመር በሕግ ካልተደነገገ ጭማሪው የሚጠበቅ ችሮታ ይሆናል። ችሮታ የሚጠብቅ ዳኛ ደግሞ የሰጪውን ፊት ያያል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የዳኛ ደመወዝ፣ አበልና ጡረታ በሕዝብ ምክር ቤት በሚወጣ ሕግ ይወሰን፤ በሥራ ዘመኑም እንዳይቀነስ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከውሳኔው አስቀድሞ ከአስተዳደሩም ከዳኞችም ነጻ የሆነ አካል የኑሮውን ሁኔታና የአገሪቱን አቅም መዝኖ ሐሳቡን በይፋ ያቅርብ፤ ሐሳቡ ውድቅ የሚሆን ከሆነ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር። ሦስተኛ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት በጀት ከወረዳው አስተዳደር እጅ ሳይገባ በፍርድ ቤቶች በኩል ይድረስ። አራተኛ፣ ዳኛ የሚያገኘው ማናቸውም ጥቅም ለሁሉም እኩል በሆነ ደንብ የተወሰነና ማንም ዜጋ ሊያነብበው የሚችል ይሁን። ገንዘቡ የሕዝብ ነውና ሕዝብ ማወቅ ይገባዋል። ዳኛውም በበኩሉ በሕግ ከተቆረጠለት በላይ አንዲት ሳንቲም የነካ እንደሆነ ያለ ምሕረት ይጠየቅ፤ ዋስትና ያለ ተጠያቂነት ሌላ ባለጉልት መፍጠር ይሆናልና።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ይህን ጉዳይ የሕግ ባለሙያዎች ጭውውት አድርገው ሊተዉት አይገባም። የክልል ምክር ቤት ተወካይ ሕዝብ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ትምህርት ቤቱ እንደሚጠየቅ ሁሉ «የወረዳችን ዳኛ ደመወዝ በማን እጅ ያልፋል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ከስማዳ ቆላ ተነሥታ ወገዳ ላይ «አቤት!» የምትለው ሴት ፍርድ የምታገኘው ከሕግ ይሁን ወይስ ከሹም ፈቃድ፣ ገና መዝገቧ ሳይከፈት የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።